ብርሃን ስንተኛ ነው?

ነገሩ የተነሣው ከክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ፊደል ከቆጠረበት የቄስ ትምህርት ቤት አንሥቶ እስከ ቅኔ ቤት የዘለቀ ጓደኛችን፣ አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን «ቁስ አካል ማለት የረጋ ብርሃን ነው፤ ፈረንጅ ዛሬ የሚመራመርበትን ይህን ነገር አባቶቻችን በአክሲማሮስ ጽፈው ጨርሰውታል» አለ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ያዳምጥ የነበረው የፊዚክስ ተማሪ ከት ብሎ ሳቀ። «አክሲማሮስ ተረት ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተጯጯህን። ሁለቱ ጓደኛሞችም ከዚያች ማታ ወዲህ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ቆዩ።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከጩኸቱ በኋላ አንድ ነገር ታዘብን። ሁሉ ነገር ከእኛ ወጣ የሚለውም፣ ከእኛ ምንም አልወጣም የሚለውም፣ ሁለቱም መጽሐፉን አልገለጡም ነበር። አንደኛው ባልገለጠው መጽሐፍ ኮራ፤ ሁለተኛው ባልገለጠው መጽሐፍ አፈረ። ይህ በሽታ ደግሞ የሁለት ልጆች ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ነው። ስለዚህ «ዓለም ከብርሃን የተሠራ ነው» የሚለው ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ የእኛም መጻሕፍት በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላቸው ለማየት ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስምንተኛው ፍጥረት

አክሲማሮስ ቃሉ የግሪክ ነው፤ ስድስቱ ቀናት እንደ ማለት ነው። ስድስቱን የፍጥረት ቀናት የሚተረጉሙ መጻሕፍት በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ ብዙ ናቸው። በግዕዝ የምናውቀው ለቆጵሮሱ ለኤጲፋንዮስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ትሩምፕ በ1882 አሳትሞታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን መታተሙን የሚጠብቅ አልነበረም፤ የሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ትምህርት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል።

ትምህርቱን ከሚያውቁት አፍ ለመስማት ብለን አንድ ቅዳሜ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ሁለቱንም ባላንጣዎች ይዘናቸው ሄድን፤ አንዱ በጀልባው አፍንጫ፣ ሌላው በጀልባው ጅራት ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳር ወደ ሐይቁ የገባች ባሕረ ገብ መሬት ናት። ቀርባችሁ ስታዩዋት ደን ነው፤ ደኑ ውስጥ ስትገቡ ግን ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ሁሉ ቡና ነው። እንደ አገሩ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ምድሩም በበሬ እንዳይታረስ ተገዘተ። ስለዚህ የዘጌ ሰው በቡናው እህል ሲሸምት ኖሯል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

በትረ ማርያምን፣ አዝዋ ማርያምንና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስናበቃ አንድ የመጽሐፍ ሰው አገኘን። ስማቸውን እንዳናነሣ ስለ ለመኑን «የኔታ» ብቻ እንላቸዋለን። ከቡናው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገራችንን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያም ወደ ቅኔ ቤቱ ጓደኛችን ዞሩ።

«አንተ የተማርህ ትመስላለህ። እስቲ የእሑድን ፍጥረታት ቁጠርልኝ።»

ጓደኛችን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት…» ሰባት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ስምንተኛውሳ?» አሉት።

«ብርሃን፣ የኔታ።»

«ሰባቱ በአርምሞ ተፈጠሩ፤ ስምንተኛው በነቢብ ተፈጠረ። እንግዲያው ልጄ፣ ስምንተኛው ለፊተኞቹ እንዴት አባት ይሆናቸዋል?»

ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። የፊዚክሱ ተማሪ ፈገግ ሊል ሲል የኔታ ቀደሙት። «አንተ ደግሞ ስቀሃል አሉኝ። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው፤ ብርሃን ግን እሑድ። ሦስት ቀን ፀሐይ የሌለው ብርሃን ነበረ ማለት ነው። በእናንተ ትምህርት ይህ ያስቃል?»

ልጁ ጥቂት ቆየ። «አያስቅም፣ የኔታ» አለ። «በእኛም ከፀሐይ በፊት ብርሃን ነበረ።»

በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ክርክራችን ተገለበጠ። በአክሲማሮስ ትምህርት ዓለም የተሠራችው ከአራቱ ባሕርያት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ነው። የሰውም ሥጋ ከእነዚሁ ነው፤ በዚያ ላይ ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት የሆነች ነፍስ ስትጨመርበት ሰባት ባሕርያት ይሆናል። ብርሃን በዚህ ቁጥር ውስጥ የግንብ ድንጋይ ሆኖ አልገባም። ስለዚህ «አባቶቻችን ቁስ አካል የረጋ ብርሃን ነው ብለዋል» የሚለው ንግግር አባቶችን ማክበር አይደለም፤ ያላሉትን በአፋቸው መጨመር ነው። አራቱ ባሕርያት ራሳቸው ከግሪክ ፍልስፍና ጀምሮ ግሪክም፣ ሶርያም፣ ዐረብም፣ ሐበሻም የተካፈላቸው የጋራ ሀብት ናቸው።

፪. ብርሃንን አንደኛ ያደረጉ

ታዲያ ብርሃንን ከሁሉ አስቀድሞ ቁስ አካልን ከእርሱ ያወጣ ማን ነው? ሁለት ሰዎች እናንሣ።

የመጀመሪያው ፋርሳዊው ሱሕራዋርዲ ነው። በ1186 በጨረሰው የጥበበ አብርሆት መጽሐፉ ያለው ሁሉ በብርሃንነት ደረጃ የተሰደረ ነው ብሎ አስተማረ። ከላይ የብርሃናት ብርሃን አለ፤ ከእርሱ ብርሃናት በየተራ ይወጣሉ፤ የሚዳሰሰው አካል ግን ብርሃን የጎደለው ግርዶሽ ነው። ይህ ሰው በ1191 ሐለብ ላይ ገና አርባ ሳይሞላው በሃይማኖት ተከሶ ተገደለ።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሮበርት ግሮሰቴስት ነው። ኋላ የሊንከን ጳጳስ የሆነ ሊቅ ሲሆን፣ በ1225 ገደማ ስለ ብርሃን አንዲት ትንሽ ድርሳን ጻፈ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቁስ በራሱ ርዝመትም ስፋትም ጥልቀትም የለውም፤ እንደ ነጥብ ነው። ብርሃን ግን ጠባዩ ራሱን ማባዛት ነው፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ በአንድ ጊዜ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ትዘረጋለች። ብርሃን ከቁስ ጋር የማይለይ የመጀመሪያ መልኩ ስለ ሆነ፣ ሲዘረጋ ቁስን አብሮ ይጎትተዋል። ዓለም ክብ ሆና የሰፋችው በዚህ ምክንያት ነው። ዳርቻው ከዚያ በላይ ሊሳሳ እስከማይችል ድረስ ሲሳሳ ጠፈር ይሆናል፤ ከጠፈሩ ብርሃን ወደ መካከል ይመለስና ዘጠኙን ሰማያትና አራቱን ባሕርያት በየክበባቸው ያበጃል። በጠቅላላው 13 ክበቦች ናቸው።

ይህ ድርሳን ለብዙ ዘመን የላቲን ምሁራን ብቻ ሲያገላብጡት ኖረ። በ2014 ግን የፊዚክስ ሰዎችና የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የግሮሰቴስትን ቃላት ወደ ሒሳብ ለወጡና በኮምፒዩተር አስኬዱት። ውጤቱን በለንደን የንጉሣዊ ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። የተባሉት ክበቦች በእርግጥ ይወጣሉ፤ ነገር ግን መነሻ ቁጥሮቹ በጠባብ ክልል ውስጥ ሲመረጡ ብቻ ነው። ማንም «እንግሊዞች ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ታላቁን ፍንዳታ ያውቁ ነበር» ብሎ አልፎከረም። ማንም «ተረት ነው» ብሎም አልሳቀም። ጽሑፉን በገዛ ራሱ ሚዛን መዘኑት። እኛን ያስቀናን ይህ ነው።

፫. ከኒውተን እስከ ዛሬ

ሐሳቡ ከግሮሰቴስት በኋላ አልሞተም። ኒውተን ስለ ብርሃን በጻፈው በኦፕቲክስ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ በኋለኞቹ እትሞች፣ የጥያቄ ዝርዝር አለው፤ ከእነርሱም አንዱ ግዙፍ አካልና ብርሃን አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጡ አይችሉምን? የሚል ነው። ጠይቆ ተወው፤ በእጁ መፈተኛ አልነበረውም።

መፈተኛው የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። አይንሽታይን በ1905 ባወጣት ሦስት ገጽ በምታህል ጽሑፍ አንድን አካል በሁለት አቅጣጫ እኩል ብርሃን ሲተፋ አሰበው፤ ሒሳቡም ብርሃን የተፋው አካል መጠነ ቁሱ መቀነሱን አሳየው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ቀመር የተወለደው ከዚህ የብርሃን ምሳሌ ነው። የሚያስደንቀው ምንዛሪው ነው። አንድ ግራም የዘጌ ቡና፣ ያም ማለት ጥቂት ፍሬ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ጉልበት ቢለወጥ 25 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚሁ ከጣና ውኃ የሚቀዳውና በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ በሙሉ አቅሙ፣ በ460 ሜጋ ዋት፣ ይህን ያህል ለማምረት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። በእርግጥ ቡናን እንዲህ የሚለውጥ ምድጃ የለም። ቀመሩ ዋጋውን እንጂ መንገዱን አይነግረንም።

የተገላቢጦሹ መንገድ፣ ከብርሃን ወደ ቁስ፣ በ1934 በሁለት ሰዎች በብሬትና በዊለር ተሰላ። ሁለት በቂ ጉልበት ያላቸው የብርሃን ቅንጣቶች ቢጋጩ አንድ ኤለክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን ይወለዳሉ አሉ። በ1997 አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ማፋጠኛ ብርቱ የሌዘር ብርሃን ከሌላ ከፍተኛ ብርሃን ጋር ተጋጭቶ ከመቶ የሚበልጡ ፖዚትሮኖች ተቆጠሩ። በ2021 ደግሞ በብሩክሄቨን የተደረገ ሌላ ሙከራ ነገሩን በብዙ ሺሕ ጥንዶች አጸናው።

ከዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ጓደኛችን ጥያቄ ይመለሳል። ብርሃን ኤለክትሮን ከሆነ፣ ኤለክትሮን የረጋ ብርሃን ነው ማለት አይቻልም? እዚህ ጋ ነው የዘጌን ቡና የምንፈልገው። የዘጌ ሰው ቡናውን ሽጦ ጤፍ ሲሸምት፣ ጤፉ የረጋ ቡና ነው አይባልም። ቡናው ሄዷል፤ ጤፉ መጥቷል፤ የተጠበቀው ዋጋው ነው። በፊዚክስም እንዲሁ ነው፤ በልውውጡ የሚጠበቀው ጉልበት ነው። ሌላም የገበያ ሕግ አለ፦ ብርሃን ኤለክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ ከእርሱ ኤለክትሮን ብቻውን አይወጣም፤ ተቃራኒውን አስከትሎ በጥንድ ይወጣል እንጂ። ሙልን የሚጠብቀው ሕግ ከብርሃን ባሻገር ሌላ ነገር እንዳለ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ «ኤለክትሮን የታሰረ ብርሃን ነው» ብለው በቁም ነገር የሞከሩ የፊዚክስ ሰዎች አልጠፉም። ዊለር ራሱ በ1955 ብርሃን በገዛ ስበቱ ተይዞ እንደ ኳስ ሊጠቀለል ይችላል የሚል ስሌት አወጣ። በ1997 ደግሞ ዊልያምሰንና ቫን ደር ማርክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ኤለክትሮን ማለት በቀለበት ላይ ሁለት ጊዜ የሚዞር አንድ የብርሃን ቅንጣት ነው ብለው ጻፉ። ከዚህ ሥዕል የኤለክትሮንን ሙል አሰሉ፤ ያገኙት ከትክክለኛው ቁጥር 0.91 ያህሉን ነው። አብዛኛው የሙያው ሰው ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብርሃኑን በቀለበቱ ላይ የያዘው ምንድን ነው? ብርሃን ብርሃንን አይገፋም፤ አይስብም ለማለት ይቀርባል። ሁለት ጨረሮች እርስ በርሳቸው እንደሚነካኩ በሴርን ማስረጃ የተገኘው በ2017 ነው፤ ያም በብዙ ቢሊዮን ግጭቶች መካከል ተለቅመው በተገኙ ጥቂት ክስተቶች ነበር። እንዲህ ያለ ደካማ ነገር አንድን ኤለክትሮን ለዘላለም አስሮ ሊያኖር አይችልም።

ይህን ሐሳብ ግን አንንቀው። 0.91 ብሎ ቁጥር የጻፈ ሰው ዘጠኝ በመቶ መሳሳቱን ራሱ በአደባባይ አሳይቷል። ለመሳሳት የደፈረ ሐሳብ ነው።

ኀይሎችን በብርሃን መተርጎምስ? እዚህ ሐሳቡ ግማሽ መንገድ ተሳክቶለታል። ቶሞናጋ፣ ሽዊንገርና ፋይንማን በ1965 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙበት ሥራ የሚለው፣ በሁለት ኤለክትሮኖች መካከል ያለው መገፋፋት የብርሃን ቅንጣቶች ልውውጥ ነው። የቡናውን ፍሬ ከመበተን የሚያግደው፣ ድንጋዩን እግራችን ሥር ያጸናው ኀይል ከዚህ ወገን ነው። በ1983 ደግሞ ለአንዳንድ የአቶም ፍርሰት ምክንያት የሆኑት የብርሃን ዘመዶች ሴርን ውስጥ ተገኙ። የፕሮቶን መጠነ ቁስም የሚገርም ነው፤ ከውስጡ ያሉት የኳርኮች የራሳቸው ድርሻ አንድ በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው የእንቅስቃሴያቸውና እርስ በርስ ያሰራቸው መስክ ጉልበት ነው። ያ መስክ ግን ብርሃን አይደለም። ስበትም በብርሃን አልተተረጎመም። እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ብርሃን ከገንቢዎቹ አንዱ ነው፤ ብቻውን ግን አልገነባም።

፬. መመሳሰልና መፈተን

የኔታ ያነሡት የእሑድ ብርሃንስ? የቂሣርያው ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ይህን ጥያቄ ተጋፍጦታል። ብርሃን በመጀመሪያ ተፈጠረ፤ ፀሐይ ደግሞ በኋላ የዚያ ብርሃን ተሸካሚ ሆና ተሠራች አለ። መብራትና እሳት እንደሚለዩ፣ ፀሐይና ብርሃን ይለያሉ ማለቱ ነው። የዘመኑ ፊዚክስም ከከዋክብት በፊት ብርሃን ነበረ ይላል። ዓለም ገና በጣም ትኩስ ሳለች ከጉልበቷ አብዛኛው ብርሃን ነበረ፤ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆናት ብርሃኑ ከቁስ ተላቅቆ መጓዝ ጀመረ፤ ያን ብርሃን ፔንዚያስና ዊልሰን በ1964 በአንቴናቸው ውስጥ አልጠፋ ያለ ጩኸት ሆኖ አገኙት።

ይመሳሰላል? ይመሳሰላል። አንድ ነው? አይደለም። ባስልዮስ የተቸገረው በንባብ ነው፤ እሑድንና ረቡዕን ማስታረቅ ነበረበት። እነዚያ ሁለቱ የተቸገሩት በጩኸት ነው፤ አንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን ርግቦች እስከ ማባረርና ኩሳቸውን እስከ መጥረግ ደርሰዋል። በተለያየ ጥያቄ የተገኙ ሁለት መልሶች ቢመሳሰሉ፣ አንዱ የሌላው ትንቢት አይሆንም።

ከእኛ መጻሕፍት ለመሳሳት የደፈረ ከፈለግን ግን መጽሐፈ ሄኖክ አለልን። ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጎንደርን ያየው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ ሁሉ ተደነቁ። በሥነ ከዋክብት ክፍሉ የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ብርሃን ሰባት እጅ ይበልጣል፣ መጠናቸው ግን እኩል ነው ይላል። በዓይን ለሚያይ ሰው መጠናቸው በእርግጥ እኩል ይመስላል፤ ፀሐይ በወርድ 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ስለ ሆነ ዓይን ይታለላል። ብርሃኗ ግን ከሙሉ ጨረቃ በሰባት ሳይሆን በ400,000 እጅ ይበልጣል። ሄኖክ ተሳስቷል ማለት ነው። እኛ ግን በዚህ ስሕተት ከብዙ ትክክለኛ ዝምታ ይልቅ እንኮራለን። ብርሃንን በቁጥር ልለካው ብሎ የተነሣ ሰው፣ ለሚመጣው ለካ እጅ በሩን ክፍት ትቶለታል። ያ በር በእኛ ቋንቋ ስንት መቶ ዓመት ተከፍቶ ሳለ ማን ገባበት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

፭. ብርሃን ምስክር ሲሆን

በሩ ለምን እንዳልተገባበት ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱን እንናገር፤ አንድ ብቻ ነው አንልም። በ15ኛው መቶ ዓመት ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሊቅም ደራሲም ነበረ፤ ከመጻሕፍቱም አንዱ መጽሐፈ ብርሃን ይባላል። በዚያ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለሥዕልና ለመስቀል የሚደረገውንም ስግደት አንቀበልም በማለታቸው ተገርፈዋል፣ አካላቸው ተቆርጧል፣ በድንጋይ ተወግረዋል። ከውግራቱ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን ለሥራው የተሰጠ የሰማይ ምስክርነት አድርጎ ተቀበለው፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ደብረ ብርሃን የተባለችው በዚህ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ያን ብርሃን በ1456 ከታየው ከሃሌይ ባለ ጅራት ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ኮከብም ይሁን ሌላ፣ ለእኛ የሚያሳስበው ነገር ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ብርሃን በሰማይ ታየ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሳይጠየቅ «ይህ ለማን ይመሰክራል?» ተባለ። መልሱም በሥልጣን ላይ ላለው ሆነ። ሐለብ ላይ ሱሕራዋርዲ የብርሃን ፍልስፍና ስለ ያዘ ሞተ፤ እዚህ ደግሞ በሞቱት ሰዎች ላይ ብርሃን ምስክር ተጠራ። የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው በ2004 ባያሳትሙልን ኖሮ፣ ብዙዎቻችን የተወገሩትን ወገን ድምፅ አንሰማም ነበር።

ከጣና ማዶ፣ ወደ እንፍራዝ በኩል፣ ሌላ ዘርዐ ያዕቆብ ነበረ ይባላል፤ 1667 የሚል ዘመን የተጻፈበት ሐተታ ባለቤት። መጽሐፉ በእርግጥ የእርሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የደረሰው የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ካስነሣው ወዲህ አልበረደም፤ ክላውድ ሰምነር በበኩላቸው ሐበሻዊነቱን ሲሟገቱለት ኖረዋል። ማንም ይጻፈው፣ በሐተታው ውስጥ ብርሃን ሌላ ሥራ አለው፤ የሰማነውን ሁሉ የምንመረምርበት የልቡና ብርሃን ነው። ብርሃኑ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ካለ፣ ንጉሥ ብቻውን ምስክር ሊያደርገው አይችልም። ያ የመኝታ ክፍል ሳቅና ያ የመኝታ ክፍል ፉከራ ሁለቱም የሚያጠፉት ይህን ብርሃን ነው።

፮. መመለሻ

ከመሄዳችን በፊት ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንደገና አየናት። ክብ ናት፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ውስጥ ስትገቡ ጨለማው ይጠብቃችኋል፤ የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ ሥዕል ሞልቶታል። ታላቁ በር ሲከፈት የቀን ብርሃን በሥዕሉ ላይ ወደቀ። ጻድቃኑ ፊታቸውን ሙሉ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። የፊዚክሱ ጓደኛችን ቆይቶ ቆይቶ «ጥላ የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ከሰዎቹ አንዱም ጥላ አልጣለም። ብርሃኑ ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ከመስኮትም ከፀሐይም አይደለም። የቅኔ ቤቱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰለት፤ «ሥዕሉ ገና ረቡዕ አልደረሰም» አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር።

በመልሱ ጀልባ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክርክሩ አላለቀም። አንዱ ሄኖክ ሰባትን ከየት አመጣው? እያለ ይጠይቃል፤ ሌላው የጨረቃን ብርሃን በቀላል መሣሪያ እንዴት መለካት እንደሚቻል በደብተሩ ጀርባ ይነድፋል። ለሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ሊለኩ ተቀጣጥረዋል፤ የቅኔ ቤቱ ልጅ የግዕዙን ንባብ፣ የፊዚክሱ ልጅ መለኪያውን ሊያመጣ። ውጤቱን ለዚህች መጽሔት እንጽፋለን፤ ብንሳሳትም እንጽፋለን። ከአንባቢዎቻችን መካከል በደብሩም ሆነ በቤቱ ያለ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ የሚናገር ያልታየ መጽሐፍ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። መጽሐፉን አንወስድም፤ ተቀምጠን ገልጠን እናነበዋለን።